ምክንያታችንን በግልጽ እንድንናገር ስላዘዙን

ይድረስ ለተከበሩ የልብስ ስፌት ፋብሪካችን ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎ የሰመረ፣ ወገብዎም ከትልቁ የቆዳ ወንበርዎ ጋር የተስማማ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። የእኛን ጤና የጠየቁን እንደሆነ መልሱ ይህ ደብዳቤ ነውና ጥቂት ረዘም ቢልብዎ በትዕግሥት እንዲያነቡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

እኔ በሦስተኛው ረድፍ ላይ የሸሚዝ ኪስ የምሰፋ ሠራተኛ ነኝ። ስሜን ለማወቅ ጊዜ ስላላገኙ አይጸጸቱ፤ በአዳራሹ ውስጥ ስም የሚባል ነገር ከቀረ ቆይቷል፣ ሁላችንም የምንጠራው በምንሰፋው ነው። እኔ ኪስ እባላለሁ። በግራዬ እጅጌ ትቀመጣለች፣ በቀኜ ኮሌታ። ከረድፉ ጫፍ እንፋሎት ውስጥ ቆማ የምትውለውን ታላቃችንን እትዬ ካውያ እንላታለን። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለ ኮሌታ ነው። ኮሌታ ነፍሰ ጡር ናት፤ ሕመም አለባት፤ በመጪው ሐሙስ ጠዋት ከባሏ ጋር ጤና ጣቢያ መድረስ አለባት፤ በእርስዎ ደንብ መሠረት ግን መድረስ አትችልም። ነገሩ ይኸው ነው፣ የቀረው ዝርዝር ነው።

ጉዳዩን ጋዜጣ ላይ ማውጣቴ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ አደራ። በአዳራሹ በር ላይ በፊርማዎ የተለጠፈው ማስታወቂያ «ፈቃድ የሚጠይቅ ሠራተኛ የሕመሙን ዓይነት በግልጽ ይናገር» ይላል፤ እኔም ከጋዜጣ የበለጠ ግልጽ ቦታ ስላላገኘሁ ደንቡን አክብሬ በዚሁ እናገራለሁ። ሕመሙ የሴት ብልት መቆጣትና ኢንፌክሽን ይባላል። ሻይ እየጠጡ ከሆነ ብርጭቆውን ቢያስቀምጡት ይሻላል፤ ገና ብዙ አለ።

አንደኛ፣ ስለ ቀዩ መብራት አመሰግናለሁ። ሸሚዝ ከእጅ ወደ እጅ የሚሄድ ነገር በመሆኑ ኮሌታ ከተነሣች እኔ ሥራ አጣለሁ፣ እኔ ከቆምኩ እጅጌ እጇን አጣጥፋ ትቀመጣለች፤ በዚያን ጊዜ ከረድፋችን በላይ የተሰቀለው ቀይ መብራት ይበራና አዳራሹ በሙሉ ወደ እኛ ይዞራል። ሱፐርቫይዘራችን፣ በፉጨት ስለሚጠራን ጋሽ ፉጨት የምንለው፣ የመጸዳጃ ቤቱን ቁልፍ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከመድረኩ ላይ በማይክሮፎን ምክንያቱን ይጠይቃል። ክፉ ሰው አይደለም። ዕድሜውን በማሽን ጩኸት ውስጥ ስለጨረሰ ጆሮው ከብዶታል፤ ስለዚህ የሚነግረው ሰው መጮኽ አለበት፣ እሱም በትክክል መስማቱን ለማረጋገጥ የሰማውን በማይክሮፎን ይደግመዋል። አንዲት ከሸሚዝ ቁልፍ ክፍል የመጣች አዲስ ልጅ ደንቡን አምና እውነቱን የነገረችው ዕለት «ምንሽን ነው የሚያሳክክሽ?» የሚለው ጥያቄ ከአራቱም ማዕዘን በድምፅ ማጉያ ተሰማ። ልጅቱ «ተወው ጋሼ፣ ራሴን ነው» ብላ ተቀመጠች።

ከዚያ ቀን ወዲህ የአዳራሹ ሴት ሁሉ ራሷን ያማታል። የሚያሳክካት ራሷን ያማታል፣ ሽንቷ የሚለበልባት ራሷን ያማታል፣ ፈሳሽ የበዛባት ራሷን ያማታል። እትዬ ካውያ በዕድሜዋ ምክንያት የወር አበባዋ ከቆመ ወዲህ የሚያስቸግራት ድርቀትና መቁሰል ስላለ እሷም በተራዋ ራሷን ያማታል። «የእኛ ራስ ምታት እንግዲህ» አለችን አንድ ቀን ካውያዋን እያነሣች፣ «ወርዶ ወርዶ ከመቀነት በታች ገብቷል። ከዚህ በላይ ከወረደ ጫማ ውስጥ ነው የምንፈልገው።»

ሁለተኛ፣ ስለ ዓይን ሐኪሙ። በአዳራሹ ውስጥ ከራስ ምታት በቀር ሌላ በሽታ እንደሌለ ከክሊኒኩ ሲነገርዎ ዝም ብለው ያላለፉ አስተዋይ ሰው በመሆንዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ነገሩን ከብርሃን እጥረት ነው ብለው አምፖሎቹን በሙሉ አስለወጡልን፤ ከዚያም የዓይን ሐኪም አስመጥተው ተራ በተራ ሰሌዳ ፊት አቁመው ፊደል አስቆጠሩን። ኮሌታ የመጨረሻዋን ጢንጥዬ መስመር ሳይቀር አነበበችው፤ ይህን ሁሉ ስታነብ የሚያሳክካትን ለመቻል ሁለት ጭኖቿን ገጥማ እንደ ሰልፈኛ ቀጥ ብላ ቆማ ነበር፣ ሐኪሙም አቋቋሟን ሳይቀር አድንቆ «ዓይንሽ ምንም አይወጣለትም» ብሎ አሰናበታት። እውነት ለመናገር እጅጌ መነጽር ታዞላት አሁን ክሩን በአንድ ጊዜ መርፌው ውስጥ ታስገባለች፤ ስለዚህ በዚህ ቁጥር ሥር ያለው ቅሬታዬ ሙሉ በሙሉ ፍትሐዊ እንዳልሆነ አምናለሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ ሱሪውና ስለ አበባው ጠርሙስ። የሰጡን የደንብ ልብስ ውበቱ የሚደነቅ ነው፤ ናይለኑ አይጨማደድም፣ አያረጅም፣ አየርም አያስገባም። ከካውያዎቹ የሚወጣው እንፋሎት አዳራሹን ሲሞላው ጠዋት የረጠበ ሰውነታችን እስከ ማታ እንደረጠበ ይውላል። እንዲህ ያለ ልብስ ብቻውን በሽታ አይፈጥርም፤ ፈንገስ ግን እንደዚህ ያለ ሙቀትና እርጥበት ሲያገኝ ቤቱ እንደገባ ያህል ይመቸዋል። ቀጥሎ «የአዳራሹን አየር ስለመጠበቅ» የሚል ማስታወቂያ ወጣ፤ ለእያንዳንዳችንም ላዩ ላይ አበባ የተሳለበት፣ ለሴት መታጠቢያ የተባለ ባለ ሽቶ ፈሳሽ በጠርሙስ ታደለን። ኮሌታ ሽታው የመጣው በእሷ ምክንያት ስለመሰላት ጠርሙሱን ከማንም ቀድማ ጨረሰች፤ ጨርሳም ስታበቃ ማሳከኩ ላይ መለብለብ ተጨመረበት። በኋላ የጤና ጣቢያው ሐኪም እንዳስረዳችን የሴት ብልት ራሱን በራሱ የሚያጸዳ አካል ነው፤ ውስጡ የሚኖሩት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አሲድ እየሠሩ ጎጂውን ያርቁታል፤ ሽቶና ሳሙና ወደ ውስጥ ሲገባ አስቀድሞ የሚያጠፋው እነሱኑ ነው። ለመታጠብ ደግሞ ከውጭ በኩል ንጹሕ ውሃ ይበቃል። በሚገባዎት መንገድ ልግለጸው፤ የግቢውን ዘበኞች በሙሉ አባርሮ በሩ ላይ አበባ እንደመትከል ነው።

አራተኛ፣ ስለ ክሊኒካችን። ክሊኒክ አለን። ነርስ አለው፣ መጋረጃ አለው፣ አልጋም አለው። አልጋው ላይ የሸሚዝ ቁልፍ ካርቶኖች ስለተደረደሩበት መተኛት አይቻልም እንጂ አልጋነቱን ማንም አይክድም። ነርሱ ጨዋ ልጅ ነው፤ ያለውን ይሰጣል፤ ያለው ፓራሲታሞልና ፋሻ ነው። ከመጋረጃው ወዲያ የሰዓት ተቆጣጣሪው ስለሚቀመጥ በዚያ መጋረጃ ውስጥ የተነገረ ነገር ከተናጋሪዋ ቀድሞ አዳራሽ ይደርሳል። ክሊኒኩ ካልረዳ ሴቶች እርስ በርስ ይረዳዳሉ፤ እጅጌ ድሮ ለጉሮሮዋ ከታዘዘላት የተረፈ አንቲባዮቲክ ነበራትና «እንቺ እህቴ፣ ይሄ የማያድነው የለም» ብላ ለኮሌታ ሰጠቻት። ከልቧ ነው የሰጠቻት። ኪኒኑ ግን ለዚያኛው በሽታ ያልታዘዘ በመሆኑ እሱን ሳያድን፣ የቀሩትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ገድሎ ለፈንገሱ መንገድ ጠረገለት። ከዚያ በኋላ ኮሌታ ወንበሯ ላይ ተረጋግታ መቀመጥ አልቻለችም፤ አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ ትደገፋለች። ጋሽ ፉጨት ይህን አይቶ «ኮሌታ ዛሬ ደግሞ ዳንስ ጀመርሽ?» ሲላት አዳራሹ ሳቀ፣ እሷም አብራ ሳቀች። አብራ ስትስቅ በቅርብ ያየኋት እኔ ነኝ፣ ስለዚህም ነው የምጽፈው።

አምስተኛውን በጥያቄ መልክ ባቀርበው ይሻለኛል። ጤና ጣቢያው የሚከፈተው በሥራ ቀን በሥራ ሰዓት ነው። አዳራሹም የሚከፈተው በሥራ ቀን በሥራ ሰዓት ነው፤ መከፈት ካልነው፣ በሩ መያዣ ያለው ከውጭ በኩል ብቻ ነውና። እንግዲህ በአንድ ሰውነት ሁለት ቦታ መገኘት የሚቻልበትን ዘዴ አስተዳደሩ ያውቅ እንደሆነ ቢያስታውቀን እጅግ ባመሰገንን ነበር። ከወዳጆቼ አንዳንዶቹ «ኮሌታ ለምን አትለቅም?» ይላሉ። ለመልቀቅ የሥራ መልቀቂያ ያስፈልጋል፤ መልቀቂያ የሚሰጠው የውል ዘመኑ ሲያልቅ ነው፤ ሆዷ የገፋ ሴት ደግሞ ያለ መልቀቂያ ቀርቶ ከነመልቀቂያዋም የሚቀጥራት የለም። የምታድርበትም ክፍል የድርጅቱ ነው። በየት በኩል ብዞር የምመለሰው ወደዚያው በር ነው።

ኮሌታ ሐኪም ያገኘችው እንዲያው በመብራት መጥፋት ነው። አንድ ቀን ኤሌክትሪክ ጠፍቶ ማሽኖቹ በሙሉ ጸጥ ሲሉ ያለ ወጉ በጊዜ ተለቀቅን፤ እኔና እሷም የደንብ ልብሳችንን እንኳ ሳንቀይር ወደ ጤና ጣቢያው ሮጥን። ሐኪሟ ሴት ናት፤ በሩን ዘጋች፣ ወንበር ሰጠችን፣ ድምፅዋንም ዝቅ አደረገች። በዚያች ቅጽበት ኮሌታ ገና ምንም ሳትጠየቅ ማልቀስ ጀመረች። «ምን አልኩሽ እንዲህ የምትሆኚው?» ብትላት «ምንም አላሉኝም፣ በሩን ስለዘጉልኝ ነው» አለች።

የሰማነውን እዚህ የምጽፈው ለእርስዎ ብቻ አይደለም፤ ይህን ጋዜጣ የምታነብ ሌላም ሴት ትኖራለች። ፈሳሽ ሁሉ በሽታ አይደለም፤ ጤነኛ ሴትም ነጣ ያለ ወይም እንደ ውሃ የጠራ፣ የከፋ ሽታ የሌለው ፈሳሽ ይኖራታል፣ በእርግዝናም ይጨምራል። የሚያሳስበው መልኩ፣ ሽታው ወይም መጠኑ ሲለወጥና ማሳከክ፣ መለብለብ ወይም በግንኙነት ጊዜ ሕመም ሲከተል ነው። እንደ አይብ የረጋ ነጭ ፈሳሽ ከብርቱ ማሳከክ ጋር ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ ፈንገስ ነው፤ አንቲባዮቲክ መውሰድ፣ ስኳር በሽታና እርግዝና ይቀሰቅሱታል። ቀጠን ያለ፣ ወደ ግራጫ የሚያደላ፣ እንደ ዓሣ የሚሸት ከሆነ የባክቴሪያዎቹ ሚዛን መዛባት ነው። ቢጫ ወይም አረንጓዴ፣ አረፋ የቀላቀለ ከሆነ ደግሞ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ ትሪኮሞናስ የሚባል ጥገኛ ተሕዋስ ሊሆን ይችላል። ሁሉም ሁልጊዜ በመልክ አይለዩም፤ ስለዚህ ሐኪም አይቶ፣ ከፈሳሹ ናሙና ወስዶ በማይክሮስኮፕ መመርመር አለበት። መድኃኒታቸውም ለየቅል ነው፤ የፈንገሱ ለባክቴሪያው አይሆንም፣ የጎረቤት ኪኒን ለማንም አይሆንም፣ የተጀመረም መድኃኒት ሕመሙ ቀለል አለ ተብሎ መሐል ላይ አይቋረጥም። ሽንት ይዞ መዋል የሚያመጣው የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ደግሞ ራሱን የቻለ ሌላ ሕመም ነው፤ ስለ እሱ የማመሰግንዎት ለብቻው ነው።

ኮሌታ ሁለቱ ተደርበው ተገኙባት፤ ፈንገሱና ትሪኮሞናሱ። ለፈንገሱ ለነፍሰ ጡር የሚስማማ፣ በብልት ውስጥ የሚቀመጥ መድኃኒት፣ ለሌላው የሚዋጥ ኪኒን ታዘዘላት። ከዚያ ሐኪሟ ስለ ቀደመ እርግዝናዋ ጠየቀቻት። የመጀመሪያ ልጇ ያለ ጊዜው ተወልዶ አልቆየም። ለምን እንደሆነ ያኔ የነገራት አልነበረም፣ አሁንም በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም፤ ሐኪሟ ግን እንዲህ ያለ ኢንፌክሽን ሳይታከም ከቆየ የእንሽርት ውሃ ያለ ጊዜው እንዲፈስና ልጁም ያለ ወራቱ እንዲወለድ ምክንያት ሊሆን እንደሚችል ሳትደብቅ ነገረቻት። «ትኩሳት ከመጣብሽ፣ ከሆድሽ በታች ካመመሽ፣ ውሃ ወይም ደም ካየሽ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ያን ጊዜውኑ ነይ» አለቻት። ኮሌታ ሰማች፣ ራሷንም ነቀነቀች። እኔ ግን ያሰብኩት በሩን ነው። ያን ጊዜውኑ ማን ይከፍተዋል?

የመጨረሻው ትእዛዝ ባሏን የሚመለከት ነበር። ይህ ተሕዋስ ወንዱ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ምንም ምልክት ሳያሳይ ይቀመጣል፤ ሁለቱም ካልታከሙ አንዱ ለአንዱ ይመልሰዋል። ሐኪሟ «ሳላየው መድኃኒት አልሰጥም፣ ይዘሽው ነይ» አለች። ባሏ እንደ ብዙ ወንዶች «እኔ ምን ሆኜ?» ይላል ብለን ፈርተን ነበር፤ እሱ ግን ነገሩን ሰምቶ ሲጨርስ ቆቡን አውልቆ «መቼ ነው የምንሄደው?» ብቻ አለ። እሱም የዚሁ ድርጅት ሠራተኛ በመሆኑ የሰው ኃይል ቢሮ ሄዶ ፈቃድ ጠየቀ። ጸሐፊዋም ሌሎች ሰዎች ባሉበት ምክንያቱን በግልጽ እንዲናገር ጠየቀችው። ሰውየው ዙሪያውን አየና፣ ከሚስቱ ተምሮ፣ «ራሴን» አለ። ወደ ዓይን ሐኪሙ ላኩት።

እንግዲህ ባልየው አልታከመም። ኮሌታ መድኃኒቷን ጨርሳ ጥቂት ጊዜ ደህና ሆና ነበር፤ አሁን ያው ፈሳሽ ተመልሷል። ሌሊት ተኝታ ሆዷን እንደምትዳስስ፣ ልጁ ሲንቀሳቀስ ደስ እንደሚላት፣ ሲዘገይ ግን እንደምትፈራ ነግራኛለች። ቀን ኮሌታ ትሰፋለች። ስትሰፋ አያታለሁ፤ በየመሐሉ መርፌውን አቁማ ወደ በሩ ትመለከታለች፣ ከዚያ ወደ ቀዩ መብራት፣ ከዚያ ወደ እኛ። እሷ ብትነሣ እኛም እንደምንቆም ታውቃለችና ተመልሳ ትሰፋለች። የሚያስራት ዘበኛው ብቻ ቢሆን ኖሮ ደብዳቤዬን ለዘበኛው እጽፍ ነበር። እኛንም አንድ ላይ ሰፍተው በሯ ላይ ስላቆሙን ነው ለእርስዎ የምጽፈው።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ሐሙስ ጠዋት ኮሌታና ባሏ ያለ ማይክሮፎን ይውጡ። ከዚያ ወዲህም የታመመች ሴት የሕመሟን ዓይነት ለሐኪም ትናገር፣ ለእርስዎ «አሞኛል» ማለቷ ይብቃ። የአዳራሹ በር ከውስጥም መያዣ ይኑረው። ካርቶኖቹ ከአልጋው ይውረዱ። የአበባውን ጠርሙስ በተመለከተ፣ የቀረውን ለመሬት መወልወያ ሞክረነው ጥሩ ነው፤ ስለ እሱ ከልቤ አመሰግናለሁ።

ውድ ጊዜዎን ከዚህ በላይ መሻማት ስለማይገባኝ፣ ለመብራቱም ለመጋረጃውም ለመነጽሩም ያለኝን ምስጋና በድጋሚ እያቀረብኩ፣ በግልጽ ተናገሩ ያሉንን በግልጽ በመናገሬ ቅር እንደማይሰኙ በመተማመን፣ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ፣ በተለይም ለባለቤትዎና ለሴት ልጆችዎ፣ ሐኪማቸውን በፈለጉት ሰዓት በሩ በተዘጋ ክፍል የማግኘት ዕድላቸው እንዳይቋረጥ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

ታዛዥዎ፣
ኪስ ሰፊዋ
ሦስተኛ ረድፍ፣ በግድግዳው በኩል

በድጋሚ፦ የኮሌታ ባል ማን እንደሆነ ሳልነግርዎ ብቀር ግልጽነቱ ይጎድላል። ጠዋት ጠዋት የመኪናዎን በር የሚከፍትልዎ ሰው ነው። ይህን ጋዜጣ በመኪናዎ የኋላ ወንበር ተቀምጠው የሚያነቡ ከሆነ ቀና ቢሉ ማጅራቱን ያዩታል። እሱም እሷም ደብዳቤውን ከእርስዎ ቀድመው አንብበው «ይውጣ» ብለዋል። ስለዚህ ሐሙስ ጠዋት መኪናዎ በሠራተኞች በር በኩል ቆሞ አንዲት ነፍሰ ጡር ካሳፈረ በኋላ ወደ ጤና ጣቢያው ቢታጠፍ መንገድ የሳተ እንዳይመስልዎ፤ እርስዎ ብቻ ጥቂት ጠጋ ይበሉላት።